ሣር በሣር

ሰሞኑን አንድ ሥዕል ይዞኛል። ማታ ማታ ስልኬን ከፍቼ በሁለት ጣት እያሰፋሁ አየዋለሁ። ፊቱን አይቼ ስጨርስ ወደ ሣሩ እሄዳለሁ። ከሣሩ ግን ቶሎ አልመለስም።

አንዲት የገጠር ልጅ ደረቅ ሣር ላይ ተቀምጣለች። እጇን ወደ አፏ አስጠግታለች። ጎሹ ተኝቷል፣ ውሻውም አጠገቧ አለ። ሌላ ምንም የለም። ርዕሱ «የፀደይ ነፋስ ነቅቷል» ነው፤ ሣሩ ግን ገና ቢጫ ነው። ይሄ ነገር ልቤን ይነካዋል። ፀደይ መጣ ብሎ አበባ አልሣለም። ልጅቷ ብቻ የሆነ ነገር የሰማች ትመስላለች።

ሠዓሊው ሄ ዱዎሊንግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1948 ቻይና ውስጥ፣ ሲቹዋን ክፍለ ሀገር፣ ቸንግዱ ከተማ ተወለደ። በባህል አብዮቱ ጊዜ ብዙ የከተማ ወጣት ወደ ገጠር ሲላክ እሱም ሊያንግሻን ተራሮች ደረሰው። የዪ ሕዝብ አገር ነው። ሣር ላይ ተጋድሞ ሰማይ እያየ ይውል እንደነበር ራሱ ያወራል። ሣሩን በጀርባው ያውቀዋል ማለት ነው። ኋላ ተዘግተው የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች እንደገና ሲከፈቱ ሲቹዋን የሥነ ጥበብ ተቋም ገባ፤ ይህንንም ሥዕል በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሠራው። ዛሬ ቤጂንግ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ተማሪ ሳለ አንድ መጽሔት ላይ የአሜሪካዊውን የአንድሩ ዋየዝን ሥዕሎች አየ። «የክርስቲና ዓለም» የተባለውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። መራመድ የማትችል ሴት ሜዳ ላይ ሆና ወደ ሩቁ ቤት ታያለች። ዋየዝ የሣለው በ1948 ነው፣ ሄ በተወለደበት ዓመት። የሣለውም በእንቁላል ቴምፔራ ነው፣ በእንቁላል አስኳልና በውሃ በተበጠበጠ የቀለም ዱቄት። ሄ ያገኘው ግን እንቁላሉን አይደለም፣ ወረቀት ላይ የታተመውን ምስል ነው። እጁ ላይ የነበረው ደግሞ የዘይት ቀለም ነው።

የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም። አንዱን ቀለም ከሌላው ጋር እያሻሹ ማለስለስ ይቻላል። ቴምፔራ ይህን አይፈቅድም። ብሩሹ ከመነሣቱ ይደርቃል። ስለዚህ ቀጭን መስመር ታሰምራለህ፣ አጠገቡ ሌላ፣ በላዩ ሌላ። ሄ በዘይት ቀለም ያንን የቴምፔራ ሥራ ሠራ። በቀጭን ብሩሽ፣ ሣር በሣር። እኔ የቴምፔራ ልጅ ነው እለዋለሁ፤ አይደለም የሚል ሣሩን ይይ። ኋላ ላይ ብሩሹ ለቀቅ ብሏል፣ አሠራሩም ተለውጧል። እኔ ግን አሁንም እዚያ ሣር ላይ ነኝ።

ቅዳሜ ዕለት አላስቻለኝም። ኮምፔንሳቶ ቆርጬ፣ ጄሶና ሙጫ ደጋግሜ ቀብቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አዘጋጅቼ ነበር። የቀረኝ እንቁላል ነው። ጾመ ነቢያት ላይ ነን፤ እናቴ ለገና የምታስቀምጠውን የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ሳነሣ ደረሰችብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ በጾም እንቁላል ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ለቀለም ነው እማዬ። አንድ ብቻ።»

«ለቀለም?» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ነጩን አፈሰስኩት። አስኳሉን ከመዳፍ ወደ መዳፍ እያገላበጥኩ፣ እጄን በሶፍት እየጠረግሁ አደረቅሁት። ከዚያ ስሱን ሽፋን በሁለት ጣት ይዤ አንጠለጠልኩትና በመርፌ ወጋሁት። አስኳሉ ብርጭቆው ውስጥ ተንጠፈጠፈ፣ ሽፋኑ ጣቴ ላይ ቀረ። ጠብታ ውሃ፣ ከዚያ ቢጫ የአፈር ቀለም። አስኳሉ እንደ ብርቱካን የደመቀ ነበር። ጣሊያናዊው ቼኒኖ ቼኒኒ በ1400 ገደማ በጻፈው የሙያ መጽሐፍ ላይ ይህንኑ ይላል። የከተማ ዶሮ አስኳል ነጣ ስለሚል ለወጣት ፊት ይሆናል፣ የገጠሯ ደግሞ ለሽማግሌና ለጠይም ፊት። ለእናቴ ስነግራት «እውነቱን ነው፣ የፈረንጁ እንቁላል መች ቀለም አለው» አለች።

ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሠራሁ። አንዱን ሣር አሰምራለሁ፣ ይደርቃል፣ ሌላውን አሰምራለሁ። መቸኮል አይቻልም፤ ቸኩዬ በደረቀው ላይ ብዙ ውሃ ሳስነካው ተነሣብኝ፣ ጄሶው ታየ። እዚያ ቦታ ላይ እንደገና ጀመርኩ። ሲመሽ የሠራሁት ሦስት ጣት የሚሆን ሣር ነው። ልጅቷ የለችም፣ ጎሹም የለም። አንገቴ ዝሏል፣ ደስታዬ ግን ልክ የለውም።

እናቴ መብራት አብርታ ጎንበስ አለች። ጣቷን ልካ መልሳ ሰበሰበችው።

«ይነካል?»

«ይነካል እማዬ። ደርቋል።»

በመዳፏ ቀስ ብላ ዳሰሰችው። ገጠር ነው ያደገችው፣ ከብት ጠብቃለች። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «የታኅሣሥ ሣር ነው» አለች።