ባዶ የሚመለስ መኪና

አራት ኪሎ ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ሦስት ሰው ሲገባባት ትጨናነቃለች። የአገር ቤት ልጆች ግን ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ አሥራ አንድ ሆነን እንሰበሰብባታለን፤ ግማሹ የወረቀት ካርቶን ላይ ይቀመጣል፣ ግማሹ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቡናውን ይጠጣል። ከሦስት ዓመት በፊት እዚያ ስብሰባ ላይ ክፉ ወሬ መጣ። የአንዳችን የወንድም ሚስት ምጥ ይዟት በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲያወርዷት መንገድ ላይ ተገላገለች። እናትም ልጅም ተርፈዋል፤ እኛን ግን እንቅልፍ ነሳን።

ጉራጌ ዞን ያለችው ቀበሌያችን ከወረዳው ከተማ ብትርቅ 20 ኪሎ ሜትር ነው። መንገድ የላትም እንዳይባል፣ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ጠጠር አልብሶላታል። የጠፋው መኪናው ነው። ቅዳሜ ለገበያ አንዲት ቅጥቅጥ ብቅ ካለች እሰየው፤ ያለዚያ የጭነት አይሱዙ ላይ ከበግና ከከሰል ጋር መንጠላጠል ነው፣ ወይ ሞተር፣ ወይ እግር።

መዋጮ እናውቅበታለን። አባቶቻችን በ1950ዎቹ እዚሁ አዲስ አበባ ከንግዳቸው እያዋጡ፣ ማኅበር አቋቁመው ለአገራቸው መንገድ ያስጠረጉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ብዙም ሳናስብ «መኪና እንግዛ» ተባለ፣ ገንዘብ ያዥ እኔ ሆንኩ። ሰባት ወር ሰበሰብኩ። የመኪና ዋጋ በየወሩ መዋጯችንን ጥሎት ይሄዳል። ዛሬ ሳስበው እንኳንም አልገዛን። ማን ይነዳታል? ጎማ ሲፈነዳ ማን ይከፍላል? የአጎቴን ልጅ «ሒሳብ» ለማለት የሚደፍር ረዳትስ ከየት ይመጣል?

ነገሩ የተገለጠልኝ እዚሁ ደጃፌ ላይ ነው። አንድ ማታ ወደ ፈረንሳይ ሰፈር የሚሄድ ታክሲ ሰልፍ ይዤ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምኩ። ባዶ ሚኒባሶች በፊታችን ያልፋሉ፣ ተራ አስከባሪው ቢጮህ የሚሰማው የለም። በመጨረሻ አንዷ ስትቆም ጋቢና ገባሁና ሹፌሩን ለምን እንደሚሸሹን ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ስሄድ ሞልቼ እሄዳለሁ። ስመለስ ማንን ልጫን? ነዳጅ አቃጥዬ ወንበር ይዤ ልመለስ?» አለኝ።

ወንበር ይዞ መመለስ። ቤቴ እስክደርስ ይህችን ነገር ሳመላልስ ቆየሁ። የአባቶቻችን ችግር መንገድ ነበር፤ የእኛ ባዶ ወንበር ነው።

ሱቁን ለአራት ቀን ዘግቼ አገር ቤት ወረድኩ። መናኸሪያው ውስጥ ከሹፌሮች ጋር ሻይ እየጠጣሁ፣ ደብተር ይዤ ሰው ቆጠርኩ። የእኛ ሰው ቅዳሜ የሚወርደው ጎህ ሲቀድ ነው። አንዲት እናት ቆጮዋን በኮባ ጠቅልላ፣ እንቁላሏን በገለባ ደርድራ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ በእግሯ መጥታለች። መኪናዋ ግን ከከተማ የምትነሳው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ወደ እኛ የሚወጣ ሰው የለም፤ ባዶዋን ትወጣለች፣ ላይ ስትደርስም ሰዉ ወርዶ አልቋል። ሹፌሩ ባይመጣ አይፈረድበትም።

መፍትሔው መኪናዋ እኛ ዘንድ እንድታድር ማድረግ ነበር። ዓርብ ማታ ከከተማ የሚመለሰውን ጭና ትወጣለች፣ ታድራለች፣ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ገበያተኛውን ይዛ ትወርዳለች፤ ከሰዓት ያንኑ ሰው ትመልሳለች። ከመዋጮው ያወጣነው ለሹፌሩና ለረዳቱ መኝታና እራት፣ ለዘበኛም ጥቂት ነው። የቀረውን ለየባለቤቱ መልሻለሁ፤ ይህን እንኳ የጻፍኩት ማኅበርተኞቼ እንዲያነቡልኝ ነው።

ከባዱ ከዚያ በኋላ መጣ። ሹፌሩ የእኛን መስመር ሲሠራ የወልቂጤ ተራው ያመልጠዋል፤ እንጀራው ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ብር ልንጨምርለት አሰብን። እሱ የፈለገው ተራውን ነው፤ ከእኛ ሲመለስ ሰልፉ ጭራ ላይ ሳይሆን ፊት እንዲገባ። ለዚህ ስምሪት የሚሰጡትንም ሌሎቹን ሹፌሮችም ማሳመን ነበረብን። ደብዳቤያችን ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ሦስተኛውን ራሴ በአምስት ኮፒ ይዤ ሄድኩ፣ ሙያዬ አይደል። ሹፌሮቹ እሺ ያሉት መስመሩም ቅድሚያውም በየተራ ለሁሉም ይድረስ ሲባል ነው።

ስህተትም ሠርቻለሁ። ቁጥር ያለው ባለቀለም ትኬት አትሜ ላክሁ፤ ዞር ብሎ ያየው የለም። እዚያ ማን ከማን ቀድሞ እንደመጣ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ለቅሶ ሆኖ ቀበሌው በሙሉ ከገበያ ቀረ፤ መኪናዋ ስድስት ሰው ይዛ ወረደች፣ ሹፌሩ ሁለት ሳምንት አኮረፈን። አሁን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ዓርብ ከመነሳቱ በፊት የሚደውልለት ሰው አለ።

የምጡን ነገር ግን አልፈታነውም፤ ምጥ ቅዳሜን አይጠብቅም። ማክሰኞም አንድ መኪና እንዲያድርልን እየለመንን ነው።

ባለፈው መስከረም መኪናዋ ድንገት ጠፋች። እናቴ ደወለች። «ልጄ፣ መኪናችንን ምን አደረጋችኋት?» አዲስ አበባ ነበረች፤ እኛን ለመስቀል ልትጭን መጥታ።