ቦርከናን ተከትሎ፦ ከደሴ እስከ ሐርቡ በብስክሌት

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። በመካከላቸው ያለው አስፓልት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን የሁለት ቀን የብስክሌት ጉዞ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዳገቱ ነው። እኛን ሁለቱንም ቀን ያሳሰበን ግን ቁልቁለቱ ነበር። ዳገት ሲከፋ ተወርዶ ይገፋል፤ ቁልቁለት ግን ፍሬኑንም ጎማውንም የእጅ ጡንቻውንም በአንድ ላይ ይፈትናል።

ኅዳርን የመረጥነው መንገዱ ስለሚደርቅ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ድረስ ጥሩ ነው፤ ከየካቲት ጀምሮ በልጉ ሊያበላሸው ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ አይታሰብም። የደሴ ዙሪያ ተዳፋት ውሃ ሲጠግብ ይንሸራተታል፣ ትናንት የነበረ መንገድ ዛሬ ግማሹ ገደል ገብቶ ሊገኝ ይችላል።

ብስክሌቱ ውድ መሆን የለበትም፤ ጎማው ግን ሰፊ ይሁን። ከ40 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ይበቃል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የፊቱን 38፣ የኋላውን 42 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ሞልተን ነበር። ከዚህ በታች ሲሆን ጎማው ድንጋይ ሲመታ ካላማዳሪያው (የውስጥ ላስቲኩ) በድንጋዩና በቸርኬው መሀል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ከ50 በላይ ደግሞ ጠጠሩ ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል፣ መሪው አይታዘዝም። ማርሹ ከፊት 32፣ ከኋላ ትልቁ 42 ጥርስ ቢሆን ለጉልበት ይራራል። አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር የሚገጥመው ለመኪና ቫልቮላ ነው። ቀጭን ቫልቮላ ያለው ሰው የምታስተካክለዋን ትንሽ የነሐስ ቁራጭ ካልያዘ፣ ጎሚስታው አጠገቡ ቆሞም ጎማው ባዶ ይቀራል።

የመጀመሪያው ቀን ማይባር ነበር፣ ከደሴ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 14 ኪሎ ሜትር ያህል። ትንሽ ሐይቅ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያም እዚያው ነው። ጣቢያው ለምን እዚያ እንደተተከለ ብስክሌት ላይ ሆኖ ማወቅ ይቻላል፦ ከተዳፋቱ አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ ቀርቷል። የጡጫ ያህል ልቅ ድንጋይ ያለበት ዳገት ላይ ከመቀመጫ ተነስቶ መርገጥ ዋጋ የለውም፤ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና የኋላ ጎማ ባዶውን ይሽከረከራል። ተቀምጦ፣ ደረትን ወደ መሪው ዝቅ አድርጎ፣ በቀላል ማርሽ ቶሎ ቶሎ መርገጥ ነው የሚያዋጣው። በእርከኖቹ መሀል የሚያልፉት የእግር መንገዶች ያጓጓሉ፣ ግን አብዛኞቹ ገበሬው ማሳ ላይ ያበቃሉ። በሰብል ላይ መንዳት ነውር ነው፤ እንጠይቅ። አንዲት እናት ጉልበታችን ሲዝል አይተው «አብሽሩ ልጆቼ፣ ትንሽ ነው የቀራችሁ» አሉን። የቀረው አራት ኪሎ ሜትር ነበር።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ የወረድነው በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ረፈድ ካለ የጭነት መኪናው ይበዛል፣ ጠመዝማዛው ላይ የሚቀድም ሚኒባስም አይጠፋም። በስተላይ የየጎፍ ደን ይታያል፤ ጫፉ ከ3,000 ሜትር ጥቂት ያልፋል። የቦርከና ወንዝ ራሱ ከእኛ ጋር አይወርድም፣ ዶሮ መዝለያ በሚባለው ጥልቅ ሸለቆ በኩል ሰንጥቆ ነው ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው።

ፍሬን እየጎተቱ መውረድ እዚህ ትልቁ ስህተት ነው። ያለማቋረጥ ሲያዝ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ዲስክ ከሆነ ሸራው እንደ መስታወት ይለሰልስና መያዝ ያቆማል፤ ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ከሆነ ቸርኬው ግሎ የካላማዳሪያውን ልጣፍ ሊያላቅቅ፣ ከባሰም ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ ቀጥታው ላይ ለቀቅ፣ ከመታጠፊያው በፊት ሁለቱንም ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ እንደገና መልቀቅ። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ቆመን ዲስኩ ላይ ጠብታ ውሃ ጣል እናደርግ ነበር፤ «ችስ» ካለ ሌላ አምስት ደቂቃ ዕረፍት። በጣት መሞከር ቆዳ ያስልጣል። የሸራው ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር ካነሰ ደግሞ ከደሴ ሳይነሱ መቀየር ነው። ብርዱም አለ፦ ላይ ጣት የሚያደነዝዝ፣ ታች ጃኬት የሚያስወልቅ። የደነዘዘ ጣት ፍሬን በልክ መያዝ ስለማይችል ጓንት ቅንጦት አይደለም።

ከኮምቦልቻ እስከ ሐርቡ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፓልቱን ትተን በእርሻ መሀል የሚያልፈውን የጥርጊያ መንገድ ያዝን። እዚህ ጣጣው ሌላ ነው። ማሽላው ታጭዷል፣ አገዳው መንገዱ ላይ ተበትኗል። ከሥሩ ያለው ድንጋይ አይታይም፤ ቁራጭ አገዳ ደግሞ የኋላ ማርሹ ውስጥ ከገባ መቀየሪያውን ጎትቶ ሊሰብረው ይችላል። «ቀጭ» የሚል ድምፅ እንደተሰማ ፔዳል ማቆም እንጂ በጉልበት መርገጥ አይደለም። ጥቁሩ ዋልካ ሲደርቅ ስንጥቁ ቀጭን ጎማ ይውጣል፣ ሲረጥብ ደግሞ ጎማና ሹካው መሀል ተጠቅጥቆ ብስክሌቱን ያቆመዋል።

የግራር እሾህ ሦስት ጊዜ ወጋን። ለመለጠፍ ቀዳዳውን ከማግኘት በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ መዳሰስ ይቀድማል፤ የተሰበረ እሾህ ከቀረ አዲሱንም ይበሳዋል። ከዚያ ላስቲኩን በብርጭቆ ወረቀት ማሻከር፣ ማስቲሹን በስሱ መቀባት፣ አምስት ደቂቃ መጠበቅ። ጣት ሲነካው መጣበቅ ሲያቆም ነው ልጣፉ የሚያዘው። ቸኩሎ እርጥቡ ላይ የለጠፈ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ይመለስበታል። በሰው ሁለት መለዋወጫ ካላማዳሪያ መያዝ የተሻለ ነው፤ ልጠፋው ማታ ይደርሳል።

ከቦርከና ውሃ አትጠጡ፣ ማጣሪያ ቢኖራችሁም። ወንዙ የደሴንና የኮምቦልቻን የከተማ ቆሻሻ፣ በኮምቦልቻ በኩልም የፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ይወርዳል፤ የኪስ ማጣሪያ ተህዋሲ እንጂ ኬሚካል አያስቀርም። ለአንድ ሰው 3 ሊትር ከከተማ ይዞ መውጣት። ለምግብ በሶ በጨውና በስኳር ተበጥብጦ ሆድ ሳይከብድ ያስኬዳል። ረመዳን ከሆነ በመንገዱ ያሉ ብዙዎቹ ሻይ ቤቶች ቀን ስለማይከፍቱ ስንቅ የግድ ነው፤ ሲበላም ከሰው ዓይን ራቅ ብሎ።

ወንዙን መሻገር ካለባችሁ የላዩን ሰማይ እዩ። ኮምቦልቻ ላይ ጠርቶ ደሴ ላይ ከጠቆረ፣ ቆይቶ የሚመጣው ደራሽ ነው። ድፍርስ ሆኖ ከጉልበት በላይ የደረሰ ውሃ ውስጥ አይገባም።

ከሐርቡ ተመልሶ መርገጥ አላማረንም፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ አለ፣ ዳገቱም አለ። ሚኒባስ ላይ ማስጫን ይቻላል። የብስክሌቱ ሂሳብ ሳይጫን ይነገር፤ «ለእሱ ደግሞ የአንድ ሰው ትከፍላላችሁ» አለን ረዳቱ፣ ተደራድረን በግማሽ ተስማማን። የፊት ጎማውን ፈትቶ፣ የማርሹን ጎን ወደ ላይ አድርጎ፣ ገመዱን በፍሬሙ እንጂ በጎማው ሽቦ ውስጥ ሳያሳልፉ ማሰር። ረዳቱ የጤፍ ጆንያ ሊደርብበት ሲል ቶሎ ብሎ መከልከል።