ቦቴው ባዶ ሲመስል

ዱቄት፣ ስኳርና ስታርች በአየር ግፊት የሚያራግፉ ቦቴዎችን በመቀበል ሥራ ላይ ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ። አዲስ ሠራተኛ ሳሠለጥን በቅድሚያ የምጠይቀው አደገኛው ሰዓት የትኛው እንደሆነ ነው፤ አብዛኞቹም ግፊቱ ከፍ ብሎ ቱቦው እየተንቀጠቀጠ ዱቄቱ የሚጋልብበትን ጊዜ ይጠቅሳሉ። እኔ የምፈራው ግን ጭነቱ አልቆ የሁሉም ሰው ልብ ወደ ቤቱ የሚሄድበትን የመጨረሻውን ሩብ ሰዓት ነው።

ብሎወሩ፣ ማለትም አየር የሚጨምቀው መሣሪያ፣ የሚነፋው አየር ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ታንኩ ገብቶ ጭነቱን ከላይ ይጫናል፣ ከታችም ዱቄቱን እያላላ እንደ ፈሳሽ እንዲወርድ ያደርገዋል፤ ሌላው በቦቴው ሆድ ሥር በተዘረጋው ቧንቧ እየነፈሰ የወረደውን እስከ ሲሎው፣ ማለትም እስከ ረጅሙ ማከማቻ ጎተራ ድረስ ይሸከማል። ሁለቱን የሚያመዛዝነው ሾፌሩ ነው። የታንኩ ግፊት ከቧንቧው በጥቂቱ መብለጥ አለበት፤ ከመጠን ካለፈ ግን አየሩ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ይወርድና ቱቦው ይደፈናል። ያን ጊዜ የሆፐሩን (ዱቄቱ የሚወርድበትን የታንኩን ሾጣጣ ታች) ቫልቭ ዘግቶ መስመሩን በአየር ብቻ ማጽዳት ይገባል፤ ግፊት ያለበትን ቱቦ ለመፍታት መሞከር እጅን አሳልፎ መስጠት ነው።

ጭነቱ ምግብ በመሆኑ ከመጀመራችን በፊት ያለው ምርመራ ረዘም ይላል። የፕሎምፑ (የማሸጊያው) ቁጥር ከሰነዱ ጋር መመሳሰሉን፣ ታንኩ የታጠበበትን ማረጋገጫና ከዚህ በፊት የጫነውን ዕቃ እናያለን፤ ቀደም ሲል የወተት ወይም የአኩሪ አተር ዱቄት ጭኖ ከነበረ፣ በደንብ ያልታጠበ ቅሪት አለርጂ ያለበትን ሰው ሊጎዳ ይችላልና። ሲሎው ለጭነቱ በቂ ቦታ እንዳለውም ይረጋገጣል። በእኔ ግምት ከሁሉ ውድ የሆነው ስሕተት ግን ቱቦውን ከተሳሳተ ሲሎ ጋር ማገናኘት ነው፤ ጨውና ስኳር አንዴ ከተቀላቀሉ የሚለያቸው ወንፊት የለም። ስለዚህ የእያንዳንዱ መስመር አፍ በቁልፍ ይዘጋል፣ ቁልፉም በተቀባዩ እጅ ይቆያል። ስኳር ሲሆን ደግሞ የአየሩ ሙቀት ይታሰብበታል፤ ብሎወር የጨመቀው አየር ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ማቀዝቀዣ ከሌለው ስኳሩ ሲሎው ውስጥ ይጓጉላል።

ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደውን የምድር ሽቦ ማሰር የሚሰለቻቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። በቧንቧ የሚሮጥ ዱቄት ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፣ በአየር የተበተነ የዱቄት ብናኝም በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ በ1785 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ቱሪን ከተማ በአንድ ዳቦ ጋጋሪ መጋዘን ውስጥ የተነሣው ዱቄት ከመብራት እሳት ጋር ተገናኝቶ ፈንድቷል።

ወደዚያ ሩብ ሰዓት ልመለስ። የመጨረሻው ሆፐር ሲያልቅ የቱቦው ድምፅ ይለወጣል፣ የግፊት መለኪያውም መውረድ ይጀምራል። ቦቴው ባዶ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በተጨመቀ አየር የተሞላ ነው። 40 ሜትር ኪዩብ የሚይዝ ታንክ በ0.8 ባር ግፊት ላይ ከሆነ፣ ለመውጣት የሚጠባበቅ ወደ 32 ሜትር ኪዩብ የሚጠጋ ትርፍ አየር አለው ማለት ነው። የሚገታው ዱቄት ስለሌለ ይህ አየር በአንድ ጊዜ ወደ ሲሎው ይሮጣል፤ ለብሎወሩ መጠነኛ ንፋስ የተሠራው የሲሎ ፊልተርም አይችለውም። የሲሎው ማስተንፈሻ ቫልቭ ቢከፈት ጣሪያው ላይ የዱቄት ደመና ይነሣል፤ ተጣብቆ ባይከፈት ደግሞ ሲሎው ራሱ ይጎዳል። ስለዚህ ድምፁ መለወጥ ሲጀምር የሆፐሩን ቫልቭ ማጥበብና የብሎወሩን ፍጥነት መቀነስ፣ የቀረውንም አየር በታንኩ ማስተንፈሻ በዝግታ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ሾፌሩን የሚያስቸኩለውም እሱው ነው።

አንድ ቀን መለኪያው ዜሮ ላይ ቆሞ ስላየሁ የቱቦውን ማያያዣ ልፈታ እጄን ዘርግቼ ነበር። በዕድሜ ገፋ ያለው ሾፌር «ቆይ ልጄ» ብሎ ማስተንፈሻውን ከፈተው፤ ታንኩም ለረጅም ጊዜ ፉጨቱን አላቋረጠም። የመለኪያው ቀዳዳ በዱቄት ተደፍኖ ነበር። ከላይ ባለው ክዳን ላይ ያለውን ኃይል ያሰላሁት ያን ዕለት ማታ ነው፤ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ክብ ክዳን 0.7 ባር ሲገፋው ኃይሉ ወደ 1,400 ኪሎ ግራም ክብደት ይጠጋል። ያንን ክዳን የሚከፍት ሰው ደግሞ ፊቱን ከላዩ አድርጎ ነው የሚያጎነብሰው።

ከዚያ ወዲህ ማስተንፈሻው ተከፍቶ ፉጨቱ ፈጽሞ ካልቆመ ማያያዣ አልነካም፤ ቫልቩም ቱቦው ተፈትቶ አፉ እስኪከደን ድረስ ክፍት ሆኖ ይቆያል። የርክክብ ሰነዱን የምፈርመው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ እስክሪብቶ ይዞ ቀደም ብሎ የመጣ ሾፌር ካለም ወንበር አቀርብለታለሁ።