ቁራጩ ቅጠል ሲያወጣ አትንኩት

ክረምት ሊገባ ሲል የባሕር ዳር አጥሮች ይከረከማሉ። በጣና ዳር ከየግቢው በር ላይ የሚቆለለው ቡገንቪሊያ በጋሪ ተጭኖ ከመሄዱ በፊት እደርስበታለሁ። ለሚከረክሙት አባት «አባባ፣ ወፍራም ወፍራሙን ይለዩልኝ» እላቸዋለሁ፤ ቀለሙንም አይቼ ነው የምወስደው፤ ከቁራጭ የተነሣ ችግኝ የእናቱን ቀለም ይዞ ያብባልና።

ለጋውን ጫፍ እተወዋለሁ፤ ቶሎ ይበሰብሳል። የምመርጠው የእርሳስ ውፍረት ያለውን፣ ልጣጩ ቡናማ መሆን የጀመረውን ነው። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አድርጌ፣ ታችኛውን ጫፍ ከአንጓው ዝቅ ብዬ በሰያፍ፣ ላይኛውን ቀጥ አድርጌ እቆርጣለሁ። ቅጠሉ ከተለቀመ በኋላ ላይና ታቹ እንዳይምታታ የምለየው በዚህ ነው፤ ተዘቅዝቆ የተተከለ ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ አይጸድቅም። ጥቁር አፈር ብቻውን ውሃ ስለሚቋጥር ግማሽ በግማሽ አሸዋ እቀላቅልበታለሁ። አፈሩን በችግኝ ፕላስቲክ ሞልቼ፣ የቁራጩን ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ ቀብሬ ከጥላ ሥር አኖረዋለሁ። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በቀጥታ እንዳይወርድበትም ከላይ ላስቲክ እወጥርበታለሁ።

ከሁሉ በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንጓው ላይ የክብሪት ራስ እንኳ የማታህል ቡቃያ ብቅ ትላለች፤ ቀጥላም ቅጠል ትዘረጋለች። ሰው ሁሉ «ጸደቀ!» ብሎ ወደ አጥሩ የሚያዛውረው ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን ያ ቅጠል የወጣው እንጨቱ ውስጥ ከተከማቸው ምግብ ነው፤ ከታች አንድም ሥር ላይኖር ይችላል። የመጀመሪያው ቅጠል ቢረግፍም ተስፋ አልቆርጥም፤ ልጣጩን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው። የማምነው አዲስ ቅርንጫፍ እየረዘመ ሲሄድና ቁራጩን በቀስታ ስስበው አፈሩን አልለቅ ሲለኝ ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን የቡገንቪሊያ ሥር በቀላሉ የሚበጠስ ስለሆነ የችግኙን ፕላስቲክ በምላጭ ቀድጄ ከነአፈሩ ጉድጓዱ ውስጥ አሳርፈዋለሁ።

ሂቢስከስና ዱራንታ የሚባሉት የአጥር አበቦችም በዚሁ መንገድ ይጸድቃሉ። ፍራንጂፓኒ የሚባለው የአበባ ዛፍ ቁራጭ ግን ነጭ ወተቱ እስኪደርቅና ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስ ሳምንት ያህል ጥላ ላይ ሳይተከል መቆየት አለበት።

የከተማችንን ዘንባባ ከቁራጭ ማራባት ይቻል እንደሆነ ብዙዎች ይጠይቁኛል። አይቻልም። የመንገድ ዳር ዘንባባ የሚያድገው አናቱ ላይ ባለችው አንዲት ማብቀያ ነው፤ እርሷ ከተቆረጠች ዛፉ ራሱ ይሞታል። ዘንባባ የሚፈልግ ሰው የበሰለ ፍሬውን ለቅሞ ችግኝ ያፍላ።