የቅዱስ ሚካኤል ስለት፦ አንድ ልጅ ከአረቄ የወጣበት መንገድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ምስክርነት የምንጽፈው ስለ አንዲት እናት ሆነን ነው። «ልጄን ከመጠጥ ካወጣህልኝ በአደባባይ እመሰክርልሃለሁ፤ አረቄ የማወጣበትንም ማሰሮ እሰብራለሁ» ብለው ለቅዱስ ሚካኤል ተስለው ነበር። ልጁ ወጥቷል፣ ማሰሮውም ተሰብሯል፤ የቀረው ምስክርነቱ ነው። እሳቸው ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ «እናንተ ጻፉልኝ፤ ግን ሌላዋ እናት እኔ የሳትኩትን እንዳትስት አንድ በአንድ አስቀምጡት» አሉን። በሰንበት ትምህርት ቤት ከሱስ የሚታገሉ ወጣቶችን የምንከታተል የጤና ባለሙያዎች ነን። ስማቸውንና ሰፈራቸውን ትተን የሆነውን ከነምክንያቱ እንናገራለን።

ልጁ አረቄ የቀመሰው በ14 ዓመቱ፣ ከእናቱ ጀሪካን ነው። በዚህ ማንም በእሳቸው ላይ ጣቱን እንዳይቀስር እንለምናለን። አረቄ አውጥታ ልጆቿን ያስተማረች እናት በየሰፈሩ አለች። ነገር ግን አንድ እውነት መታወቅ አለበት፦ ከ15 ዓመቱ በፊት መጠጣት የጀመረ ልጅ፣ 21 እስኪሞላው ከቆየው ይልቅ በመጠጥ ሱስ የመያዝ ዕድሉ አራት እጥፍ ያህል ነው። የልጅ አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ እየተሠራ ነው። በዚያ ዕድሜ የገባ ልማድ አብሮ ይገነባል።

«ትንሽ ነው የሚጠጣው» የሚባለውም በመለኪያ መታየት አለበት። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ 5 በመቶ ቢራ ውስጥ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት መለኪያ አረቄ ደግሞ፣ ጥንካሬው 45 በመቶ ከሆነ፣ ወደ 18 ግራም ትይዛለች። በአንድ ጉንጭ የምታልቀው ያቺ ብርጭቆ ከአንድ ሙሉ ቢራ ትበልጣለች ማለት ነው። የቤት አረቄ ጥንካሬው ከጀሪካን ጀሪካን ስለሚለያይ ጠጪው የወሰደውን መጠን አያውቀውም። ይህ ልጅ 19 ዓመት ሲሞላው በቀን ግማሽ ሊትር ደርሶ ነበር፤ በቢራ ሲሰላ ወደ 14 ጠርሙስ ነው። ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ መለኪያ ሲጠጣ ይቆምለታል። ይህ ምልክት የማያሻማ ነው፤ አካሉ ያለ አልኮል መሥራት አቅቶታል።

እናቱ ሱባኤ ገቡ። ዓርብ ማታ የመጨረሻውን ከጠጣ በኋላ በር ቆለፉበት፤ ሰባት ቀን እስከ 9 ሰዓት አብሯቸው እንዲጾም፣ በባዶ ሆዱም ፀበል እንዲጠጣ አደረጉ። ቅዳሜ ጠዋት ላብ አጠመቀው፣ አስመለሰው፣ ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ። «መጠጡ እየወጣለት ነው» ብለው ደስ አላቸው። እሑድ ንጋት ላይ ዓይኑ ተገልብጦ ወደቀ፣ ሰውነቱ ደርቆ ተንቀጠቀጠ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አንዱ ክብሪት ለኩሶ አፍንጫው ሥር ያዘ፣ ሌላው ማንኪያ በጥርሱ መካከል ሊያስገባ ታገለ፣ «የጣለው ርኩስ መንፈስ ነው» ያለም ነበር።

የጣለው የአልኮሉ ድንገት መቋረጥ ነበር። ሁለት ሰዎች በር ከወዲህና ከወዲያ ሲገፉ አስቡ። አልኮል በየቀኑ አንጎልን ወደ ማደንዘዝ ይገፋል፤ አንጎል ደግሞ ንቁ ሆኖ ለመቆየት ከውስጥ ይገፋል። ከወራት በኋላ አልኮሉ በአንድ ሌሊት ሲለቅ፣ ከውስጥ የሚገፋው ባለ በሌለ ኃይሉ ይወድቃል። መንቀጥቀጡና ላቡ ከመጨረሻው መጠጥ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። መውደቁና መንዘፍዘፉ በአብዛኛው በ48 ሰዓት ውስጥ ይመጣል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የከፋው ሊከተል ይችላል፦ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት፣ የልብ መሮጥ። ይህኛው ካልታከመ ይገድላል። ጾሙም ሸክሙን አከበደበት፤ የሚያስመልሰው፣ እህል ያልቀመሰ ሰው ብዙ ሊትር ውኃ ሲጠጣ በደሙ ያለው ጨው ይቀጥናል፣ ያም በራሱ ይጥላል።

እናቱ «ሚካኤል ድረስልኝ!» ብለው የጮኹት በዚያች ሰዓት ነው። ከግቢው ተከራዮች አንዷ ነርስ ናት። ያን ሌሊት ሥራ ላይ መሆን ነበረባት፤ ተረኝነቷ በዋዜማው ተቀይሮ ቤቷ አደረች። ጩኸቱን ሰምታ ወጣች። እናቱ «ሚካኤል ደረሰ» የሚሉት ይህን ነው፤ እኛም እንደዚያው እናምናለን።

ያደረገችው ቀላል ነው፣ ማንም ሊማረው ይችላል። ማንኪያውንና ክብሪቱን አስጣለች፤ ማንኪያ ጥርስ ይሰብራል፣ ትንፋሽም ይዘጋል፣ ክብሪቱ ምንም አይጠቅምም። ጭንቅላቱ ሥር ጨርቅ አደረገች፣ እጅና እግሩን ማንም እንዳይዘው አለች፣ በስልኳ ሰዓት ያዘች። ሲያቆም በጎኑ አስተኛችው። ሦስት ደቂቃ ያህል ቆየ። ከአምስት ደቂቃ ያለፈ ወይም የተደጋገመ እንደሆነ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ወዲያው በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ተጠራ።

ሆስፒታል ሲደርስ መጀመሪያ የተሰጠው የቫይታሚን ቢ1 መርፌ ነው፣ ግሉኮስ የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው፤ የጠጪ ሰው ቢ1 ያለቀ ስለሆነ ግሉኮስ ብቻውን ቢቀድም የቀረችውን ጨርሶ የማስታወስ ችሎታውን ለዘለቄታው ሊያበላሽ ይችላል። ከዚያ ዲያዜፓም የተባለው የሚያረጋጋ መድኃኒት መጠኑ በየቀኑ እየተቀነሰ ለሰባት ቀን ተሰጠው። በሦስተኛው ሌሊት ግድግዳው ላይ ትል ይርመሰመሳል ብሎ ጮኸ፤ በሐኪም እጅ ስለነበረ አለፈ። ያ ሌሊት የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ቢያገኘው ምን ይሆን እንደነበር እናውቃለን። (ዲያዜፓም ከፋርማሲ ገዝቶ በቤት መስጠት በጭራሽ አይሞከር፤ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ያቆማል።)

«ታዲያ ፀበሉ አልሠራም?» የሚሉን አሉ። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ በታመምህ ጊዜ ጸልይ፣ ለሐኪምም ስፍራ ስጥ ይላል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ፀበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። ጸሎትን ከሕክምና ጋር ማጣላት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ዛሬ ልጅ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ሲገኝ በመጀመሪያ እንጠይቃለን፦ በየቀኑ ይጠጣል? ጠዋት ይንቀጠቀጣል? ከዚህ በፊት ሲያቆም ወድቆ ያውቃል? የሌለ ነገር አይቶ ያውቃል? አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ መጀመሪያ ወደ ሐኪም ይሄዳል፣ ፀበሉንም እየተጠመቀ ይቀጥላል። የንስሐ አባትም ለታመመ ሰው ጾሙንና ስግደቱን ያቃልላሉ፤ የዚህ ልጅ የንስሐ አባት በመጀመሪያው ወር የሰጡት ቀኖና አጭር ጸሎትና በሰዓቱ መብላት ነበር። ይህ ትእዛዝ ከመድኃኒቱ ያላነሰ ጠቅሞታል።

አብዛኞቹ ልጆች ግን እንዲህ በየቀኑ አይጠጡም። አደጋቸው ቅዳሜ ማታ፣ የምረቃ ድግስ፣ ይልቁንም ከጫት በኋላ ያለው ጨብሲ ነው። ምርቃናው ነቅቶ ስለሚያቆየው ልጁ መስከሩ አይታወቀውም፤ ከሌላው ቀን አብልጦ ይጠጣል፣ ምርቃናው ሲለቅ አልኮሉ ብቻውን ይቀራል። ጓደኞቹ «ተኝቶ ይለፍለት» ብለው ጥለውት ይሄዳሉ። አያልፍለትም። ሆድ ውስጥ ያለው መጠጥ ከተኛም በኋላ ወደ ደም መግባቱን ይቀጥላል፣ ጉበት ደግሞ የአንድ ቢራ ያህሉን ለማስወገድ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ቡና፣ ሎሚ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ይህን አያፋጥኑትም። ቆንጥጣችሁት ካልነቃ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ከ8 ካነሰ ወይም በሁለት ትንፋሽ መካከል 10 ሰከንድ ካለፈ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ለሞት ቀርቧል። በጎኑ አስተኙት፣ በጀርባው እንዳይገለበጥ ጉልበቱን አጥፉለት፣ ጣት ከትታችሁ አታስመልሱት፣ ልብስ ደርቡለት፣ አምቡላንስ እስኪመጣ አጠገቡ ሁኑ። ከጠጣ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ቆይቶ ዓይኑ የደበዘዘበት፣ ሆዱን የቆረጠውና ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ልጅ ደግሞ የጠጣው የተበረዘ፣ ሜታኖል የተባለ መርዛማ አልኮል ያለበት ሊሆን ይችላል። ያኔ የዓይን ጉዳይ ብላችሁ አትጠብቁ፣ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ሻጭ ለሆኑ እኅቶቻችን ይህን በፍቅር እንነግራቸዋለን።

ልጁ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ጠጥቷል፤ አንዴ በጥምቀት፣ አንዴ በዘመድ ሠርግ። ይህን የምንደብቀው አይደለም። ሁለቱም ጊዜ ሳይበላ የወጣበት፣ ገንዘብ በኪሱ የነበረበትና የድሮ ጓደኞቹ የደወሉለት ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ድግስ ሲኖር በልቶ ይሄዳል፣ ታላቅ እኅቱ አብራው ትሄዳለች፣ ጠጅ ሳይቀዳ ይመለሳሉ። እንዲህ ለሚወድቅ ልጅ ቤተሰብ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ለወራት ያቆመ ሰው የድሮ መጠኑን መሸከም አይችልም። የለመደው ግማሽ ሊትር ያን ቀን ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ቁጣውን ለነገ አቆይተው ሌሊቱን ትንፋሹን ይጠብቁ።

እናቱ ማሰሮውን የሰበሩት በኅዳር 12 ዋዜማ ነው። በቀላሉ አልሆነም፤ የቤት ኪራይና ቀለብ ከዚያ ማሰሮ ነበር የሚወጣው። ከመስበራቸው በፊት ማኅበርተኞቻቸው አዋጥተው የእንጀራ ምጣድና የመጀመሪያውን ጤፍ ገዙላቸው፤ ባይገዙላቸው ስለቱ በሁለት ወር ይፈርስ ነበር ብለን እንፈራለን። ጽዋ ማኅበሩም በተራቸው ቀን ጠላውን ትቶ ብርዝ ያቀርባል፦ አንድ እጅ ማር በአምስት እጅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ፣ ያለ ጌሾ፣ በዚያው ጠዋት ተበርዞ በዚያው ቀን የሚያልቅ፤ ካደረ መፍላት ስለሚጀምር የተረፈው ይደፋል። የሚቀዳው ልጁ ነው።