ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ አልነሳ ሲል

የድሮ ሞተር ሳይክል ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ማስነሻውን ስትጫኑ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር) «ዝዝዝ» እያለ በባዶው ከዞረ ባትሪ ልግዛ ብላችሁ አትሩጡ። የእኔ ጥፋቱ የእስታርተር ፍሪሲዮኑ (የሞተሪኖውን ዙር ወደ ሞተሩ የሚያስተላልፈው ክፍል) ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ደሴ ላይ አስቀየርኩት።

ባለሙያው ዘይቱን አፍስሶ የግራውን ሽፋን ከፈተ። ቮላኖውን (ማግኔት ያለበትን፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) በመዶሻ አልነካውም፤ በመንቀያ ነው ያወጣው። እጁ ይባረክ! መዶሻ ማግኔቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከቮላኖው ጀርባ በሞላ (በስፕሪንግ) የሚገፉ 3 ትንንሽ ሮለሮች አሉ። ሞተሪኖው ሲዞር ነክሰው ይይዛሉ፣ ሞተሩ ሲነሳ ይለቃሉ። አንዱን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ክብ መሆን የነበረበት ጎኑ ተበልቶ ጠፍጥፏል፣ ያብለጨልጫል። ሞላውም ደክሟል።

«አብሽር ወንድሜ፣ ማርሹ ደህና ነው» አለኝ። ትልቅ እፎይታ ነው። ሮለሮቹ የሚነክሱበት የማርሹ ቦታ ተቦርቡሮ ቢሆን አዲሱም ይንሸራተት ነበር።

ቡሎኖቹን የቡሎን ሙጫ ቀብቶ አጠበቀ፣ የሽፋኑን ጓርኒሲዮንም (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገውን) ቀየረ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ለሚወጣ ሰው እስታርተር ቅንጦት አይደለም። ዳገት ላይ ከኋላ ሲኖትራክ እየመጣ ሞተሩን በእግር መትቶ ማስነሳት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

ዕቃውን ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ልኩ ከሞተር ሞተር ይለያያል።