ናሚቢያ በሐዋሳ ችሎት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐዋሳ ውስጥ አንድ የአባትነትና የቀለብ ጉዳይ ይዤ ስከራከር የገጠመኝ ነገር እስከ ዛሬ ያስቀኛል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከሳቁ ንዴቱ ይበዛል። ደንበኛዬ በሶማሌላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ አንድ ሆቴል ውስጥ ስትሠራ ለወለደችው ልጅ እዚያው የተሰጠውን የልደት ምስክር ወረቀት አቅርቤ ነበር። የተከሳሽ ጠበቃ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ጫፍ አንሥቶ፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ የሌለ መንግሥት ማኅተም ነው፤ የሌለ መንግሥት የመዘገበው ልጅም በሕግ ፊት አልተወለደም» ሲል ችሎቱን የሞሉት ባለጉዳዮች ሳቁ። ያልተወለደው ልጅ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ በዚያው ቅጽበት ማልቀስ ጀመረ።

መቃወሚያው ግን ለሳቅ ብቻ የሚተው አልነበረም። ሶማሌላንድ እ.ኤ.አ. በ1991 ነጻነቷን ብታውጅም፣ በ2001 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥቷም በአንቀጽ 10 ዓለም አቀፉን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ እንደምታከብር ቢደነግግም፣ በወቅቱ እውቅና ስላልነበራት ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳኖችን ፈርማ በተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴዎች ፊት ልትጠየቅ አትችልም ነበር። በቱርክ በምትደገፈው ሰሜን ቆጵሮስ መብቱ የተጣሰበት ሰው ቱርክን፣ ከሞልዶቫ ተገንጥላ በሩሲያ በምትደገፈው ትራንስኒስትሪያ የታሰረው ደግሞ ሩሲያን ስትራስቡርግ ባለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ከስሰው ረትተዋል። ከጀርባው የሚከሰስ ኃያል መንግሥት የሌለው የሐርጌሳ ሰው ያለው የራሱ ሕገ መንግሥት፣ የራሱ ዳኞችና የራሱ መዝገብ ቤት ብቻ ነው፤ እነርሱ የሰጡትን ወረቀት እኛ ከጣልንበት ምን ይቀረዋል?

በዚህ ንዴት ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ሦስት ገጽ መልስ ጻፍኩ። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ1971 ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው ካለ በኋላ፣ የልደት፣ የሞትና የጋብቻ ምዝገባን የመሰለው ተግባር ግን ውጤቱ ሊናቅ የሚችለው ነዋሪውን ሕዝብ በመጉዳት ብቻ ስለሆነ እንዳለ ዋጋ የለውም እንደማይባል ማስረዳቱን ጠቀስኩ። በቀጠሮው ቀን ቆሜ ማብራራት ስጀምር ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጠበቃ፣ ናሚቢያ እዚህ መዝገብ ውስጥ ምን አገባት?» አሉኝ። ልመልስ አፌን ስከፍት ወደ ተከሳሹ ዞረው፣ «እርስዎ፣ ልጁ የማን ነው?» ብለው ጠየቁት።

ሰውየው ጠበቃውን አየ፤ ልጁን አየ። «የእኔስ የእኔ ነው፤ የከበደኝ ቀለቡ ነው» አለ።

የታመነ ነገር ማስረጃ አያሻውምና ቀለቡ ተቆረጠ፤ ወረቀቱ ዋጋ ይኑረው አይኑረው ሳይበየን ቀረ። ደንበኛዬ መርቃኝ ሄደች፤ እኔ ግን ሰውየው ክዶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ በማይገባ ቁጭት ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ለጀማሪ ጠበቆች መጀመሪያ ሰውየውን ጠይቁት እያልኩ እመክራለሁ፤ ያችን ሦስት ገጽ ግን ዛሬም ከኮምፒውተሬ አላጠፋኋትም።

ዓመት ሳይሞላ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል በተሰጠ ሥልጠና ላይ ያ የተከሳሽ ጠበቃ አሠልጣኝ ሆኖ ቀረበ። ርዕሱ እውቅና በሌላቸው ግዛቶች የሚኖሩ ሰዎች መብት ነበር። ናሚቢያን ሲጠቅስ ሦስቱ ገጾቼ ስክሪኑ ላይ ወጡ፤ በዚያች ሌሊት ጥድፊያ «ምዝገባ»ን «ምግዘባ» ብዬ የጻፍኩት ስሕተት እንኳ አልታረመም።